«ልጁ 18 ሊሞላው ነው፤ ፍርድ ቤት ሞግዚትነቴን ያራዝምልኝ ይሆን?»

ጤና ይስጥልኝ። የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ታላቅ እህቴ ከዚህ ዓለም ስትለይ አንድ ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱ ቀድሞ ነው የሞተው። ፍርድ ቤት ሞግዚትና አሳዳሪ አድርጎ ሾመኝ። ከሁለቱ ልጆቼ ለይቼው አላውቅም። እህቴ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ «አደራሽን» ያለችኝን አንድም ቀን አልረሳሁም።

እስከ ዘጠነኛ ክፍል ጎበዝ ነበር። በጸጥታው ችግር ትምህርት ሲቆራረጥ ቤት መዋል ጀመረ። ከዚያ ጓደኛ በዛ። አሁን 11ኛ ክፍል ነው፤ ግን አንድ ቀን ሄዶ ሁለት ቀን ይቀራል። ጫት ይቅማል። ቤቲንግ ቤት እንደሚውልም ሰው ነግሮኛል። ማታ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ይገባል። በዚህ ጊዜ ልጅ ደጅ እያመሸ እንቅልፍ እንዴት ይወስዳል? ባለፈው ወር ደግሞ የጣት ወርቄ ጠፋ። መጀመሪያ ካደ፤ ኋላ «አስይዤው ነው» አለ። ገንዘብ ከፍዬ አስመለስኩት።

እህቴ ሹም አቦ አካባቢ ቤት ትታለች። ተከራይቷል። ኪራዩን ለትምህርቱና ለልብሱ አውለዋለሁ፤ የተረፈውን ባንክ አስቀምጣለሁ። ሰሞኑን በተጣላን ቁጥር «18 ይሙላኝ እንጂ ቤቱን ሸጬ አዲስ አበባ እገባለሁ» ይላል። «የእናቴ ኪራይስ የት ገባ?» ብሎም ተናገረኝ። ያን ዕለት ሳለቅስ አደርኩ። ደላሎች ዕድሜውን እየጠበቁ እንደሆነ ጎረቤት ሹክ ብሎኛል።

ዘጌ ያለው ወንድሜ «ለፖሊስ ስጪው፣ ትንሽ ታስሮ ይማር» ይላል። ኒው ዮርክ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ደግሞ «እዚህ አሳዳጊ ከጠየቀ ፍርድ ቤት ልጁን እስከ 21 ዓመቱ በቁጥጥሩ ሥር ያቆየዋል፤ አንቺም ጠይቂ» አለችኝ። የቀረው አምስት ወር ነው። ሞግዚትነቴን አራዝሙልኝ ማለት እችላለሁ? ብችልስ ላድርገው? ልጄ ከእጄ ሊያመልጥ ነው፤ እባክዎ ምክርዎን ይለግሱኝ።

አደራ የከበዳት፣ ከባሕር ዳር

* * *

እህቴ፣ ጊዜሽ አጭር ስለሆነ የጠየቅሽውን በቀጥታ ልመልስልሽ። አይቻልም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሰው አካለ መጠን የሚያደርሰው በ18 ዓመቱ ነው። ልጁ 18 የሞላው ቀን ሞግዚትነትሽም አሳዳሪነትሽም ያበቃል። «ገና አልበሰለም» ስላልሽ ብቻ ዳኛ ዕድሜ አይጨምርልሽም። ሕጋችን ልጅነትን ማሳጠር ያውቃል፤ አሳዳጊ ጠይቆ ልጁ ከ18 ዓመት በፊት ራሱን እንዲችል ፍርድ ቤት የሚፈቅድበት አሠራር አለ። ማስረዘም ግን የለም።

የባለቤትሽ እህት የሰማችውም ባዶ ወሬ አይደለም። ሁለት ነገር ተቀላቅሎባት ይመስለኛል። ኒው ዮርክ ውስጥ ወላጅ ወይም አሳዳጊ «ልጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ከቤት ይጠፋል» ብሎ ለቤተሰብ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህ ቀድሞ 16 ዓመት ላልሞላው ብቻ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ 18 እስካልሞላው ድረስ ሆነ። እዚያም ቢሆን ማመልከቻው 18 ላይ ይቆማል። 21 የሚባለው ሌላ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ ልጅ ከ18 ዓመቱ በፊት ጥፋት ሠርቶ ጉዳዩ በወጣቶች ፍርድ ቤት ከተያዘ፣ ፍርድ ቤቱ ያንን ልጅ እስከ 21 ዓመቱ ሊከታተለው ይችላል። እኛ ዘንድ ይህም የለም። ጠባይ ማረሚያ ተቋም የገባ ልጅ እንኳ 18 ሲሞላው ይወጣል።

ወንድምሽ ያለውን ደግሞ አደራሽን አታድርጊው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለልጆች ያወጣው ለስለስ ያለ መንገድ፣ ተግሣጹና በክትትል ማስተማሩ፣ በዋናነት ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ነው። ያንቺ ልጅ ያንን ዕድሜ አልፏል። ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በመደበኛው የወንጀል ሕግ ይጠየቃል። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ክሱ ግን ያው ክስ ነው። ወንድምሽ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ልጁ ትንሽ ይደንግጥ ነው የሚለው። ነገር ግን ፋይል አንዴ ከተከፈተ በኋላ «በቃ ተምሯል፣ መልሱልኝ» ብትዪ የሚሰማሽ ላይኖር ይችላል። ጣቢያ ውስጥ የሚያገኛቸው ጓደኞች ደግሞ አሁን ካሉት የሚሻሉ አይሆኑም።

አንድ ሌላ በር አለ። ነገ አንዱ ጠበቃ ወይም ጉዳይ ገዳይ ሹክ ሊልሽ ስለሚችል እኔው ልንገርሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው የታመመን ሰው፣ እንደ ሁኔታውም በስካር የተያዘን ወይም ገንዘብ አባካኝን፣ ዘመድ አመልክቶ ፍርድ ቤት «በፍርድ የተከለከለ» እንዲለው ይፈቅዳል። ይህ ለአዋቂ ሰውም ይሠራል። ይሁንና ከባድ ነገር ነው። ሰውየው በራሱ ንብረት ላይ ውል መግባት አይችልም፤ እንደገና እንደ ሕፃን ሞግዚት ይሾምበታል። ጫት ለሚቅምና ቤቲንግ ለሚጫወት የ17 ዓመት ልጅ የተሠራ አይደለም። ዳኛውም ማስረጃ ይጠይቅሻል። ተሳክቶልሽ ብታገኚው ደግሞ ልጁ አንቺን እንደ ባላጋራ ማየቱን አይተውም። ዛሬ በነገርሽኝ ሁኔታ አልመክርሽም።

የሕጉ ነገር ይኸው ነው። አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ።

ሌሊቱን ያስለቀሰሽ ወርቁ አይደለም፤ ማምሸቱም አይደለም። «የእናቴ ኪራይስ የት ገባ?» ያለሽ ነው። ይገባኛል። ሌሊት ተነስተሽ በርበሬ እያስፈጨሽ ከልጆችሽ እኩል ላሳደግሽው ልጅ እንዲህ መባል ያማል። የአንቺን ድካም አይቶ የሚመሰክር ሰው እንኳ በቤቱ ያለ አይመስልም።

ግን እስቲ ልጠይቅሽ። ልጁ የባንክ ደብተሩን አይቶት ያውቃል? ቤቱ በወር ስንት እንደሚከራይ ነግረሽዋል? ኪራይ ስትጨምሪስ አማክረሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ ሒሳቡን አብራችሁ እንዳያችሁት የሚናገር መስመር አላገኘሁም። ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምትነግሪኝ እሱን ይመስለኛል።

አልወቅስሽም። በአገራችን ለልጅ ሒሳብ ማሳየት አልተለመደም። «ምን አጣህ?» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ነገሩን በእሱ ቦታ ሆነሽ እይው። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱን አጣ። ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው ይኖራል። በየወሩ ገንዘብ እንደሚገባ ያውቃል፤ ስንት እንደሆነና የት እንደሚውል አያውቅም። ጎረቤትና ደላላ ደግሞ «ያንተ ሀብት እኮ ነው» እያሉ ያወሩለታል። የተናገረበት መንገድ ባለጌ ነው። ጥያቄው ግን የሚገባው ጥያቄ ነው። ሕጉም ሞግዚት በትልልቅ ጉዳዮች ላይ ልጁን እንዲያማክር ይጠብቅበታል። ሞግዚትነት ሲያበቃ ሒሳብ ማስረከብም ግዴታሽ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ተገደሽ ከምታደርጊው ዛሬ ወደሽ ብታደርጊው ለሁለታችሁም ትርጉሙ ሌላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ግዢ። ከተሾምሽበት ጊዜ ጀምሮ ኪራዩን ጻፊ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ሕክምና፣ የቤቱን ጥገና፣ ግብሩን ጻፊ። ደረሰኝ ያለውን ከደብተሩ ጋር አያይዢው። የጠፋበትን «ደረሰኝ የለም፣ በግምት» ብለሽ በሐቅ አስፍሪው። ሁሉንም ሳንቲም ማስታወስ አይጠበቅብሽም። ከኪስሽ የጨመርሽውም ካለ ይጻፍ፤ ግን ለውለታ መቁጠሪያ አታድርጊው። ወርቁን ለማስመለስ የከፈልሽውን ከኪራዩ እንዳትነኪ። እሱ የአንቺና የእሱ ጉዳይ ነው፤ ለብቻው ይታያል። ደብተሩ ለአንቺም መከታ ነው። ነገ ዘመድ መካከል «የሟች እህቷን ሀብት በላች» የሚል ሰው ቢነሳ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል።

ከዚያ አነጋግሪው። ሌሊት በር ላይ አይሁን። በምርቃና ወይም ምርቃናው ሲወርድበት የገባ ልጅ ጋር የሚደረግ ንግግር መጨረሻው ጩኸት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጆችሽ በሌሉበት፣ ወደ ጣና ዳር ይዘሽው ውጪ። ዓሣ ብሉ። ልጅ ፊት ለፊት ከሚያፈጡበት ጎን ለጎን ሆኖ ውኃ ውኃውን እያየ ሲያወራ አፉ ይፈታል። የወርቁንና የትምህርቱን ነገር ያን ዕለት አታንሺ። ደብተሩን አውጥተሽ ስጪውና እንዲህ በይው፦ «የጠየቅኸኝ ነገር ልክ ነበር፣ አነጋገርህ ግን ጎድቶኛል። ይኸው ሒሳቡ። ያልገባህን ጠይቀኝ።» ከዚያ ዝም በይ። ደብተሩን ባያነበው እንኳ አትቆጪ፤ ቤት ወስዶ ሌሊት ያነበዋል።

ሌላም ጠይቂው። አዲስ አበባ ምን አለ? የሚጠብቀው ሰው አለ? ወይስ ከባሕር ዳር መራቅ ብቻ ነው የፈለገው? ቤቱን መሸጥ ለምን አስፈለገው? እናቱ ከሞተች በኋላ ያንን ቤት ገብቶ አይቶት ያውቃል? አንዳንድ ልጅ የሚያስታውሰው ነገር ሲያስጨንቀው ሸጦ መገላገል ያምረዋል። ሌላው ደግሞ የሚፈልገው አንዲት ክፍል ተለቅቆለት እዚያ መኖር ነው፤ መጠየቁ ስለሚያሳፍረው ግን «እሸጠዋለሁ» ይላል። የትኛው እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም። እሱን መጠየቅ ነው። ደግሞ ስለ እናቱ ማን ነው የሚያወራለት? አንቺ ታናሽ እህቷ ነሽ። ልጅ ሳለች ምን ትወድ እንደነበር፣ በምን ትስቅ እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ።

በወርቁ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ወርቅ የሚያስይዝ ልጅ ብዙ ጊዜ ዕዳ አለበት። ለማን? ለቤቲንግ ነው፣ ለጓደኛ ነው፣ ወይስ ደላላ ከአሁኑ «ቀብድ» እያለ ብር እየሰጠው ነው? ይህን በሁለተኛው ቀን፣ ሳትቆጪ ጠይቂው። ደላላ ገንዘብ እየሰጠ ካስፈረመው፣ በ17 ዓመቱ የሚፈርመው የሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና አይደለም። ይህንን ራሱ ልጁም ይወቀው፤ ምናልባት የገባበት ነገር አስፈርቶት ይሆናል። ዕዳ ካለበት ጥሬ ብር በእጁ አትስጪው። ምን ያህል እንደሆነ ይንገርሽና አብራችሁ ሄዳችሁ ክፈሉ። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መጥቶ ጆንያ እያወረደ፣ ወፍጮ ቤት እየተመላለሰ ይክፈልሽ። የወርቁንም እንደዚሁ። ይህ ከጣቢያ ይልቅ ያስተምረዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጫቱ። ሕጋችን አልኮልና ሲጋራ 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ጫት ግን ለማንም ይሸጣል። በዙሪያችን የሚበቅል፣ በየመንገዱ የሚገኝ ነገር ስለሆነ «አትቅም» ብሎ መጮህ ብቻውን የትም አያደርስም። ጫት ሲተው ድብርት፣ ብስጭትና እንቅልፍ መብዛት ሊመጣበት ስለሚችል፣ ቢሞክርና ቢነጫነጭ «ባሰበት» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። እንቅልፍ ጨርሶ ካጣ፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት ከጀመረ፣ ወይም መሞትን የሚያነሳ ከሆነ ቀን አትቁጠሪ፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂው። «ሱሰኛ ስለሆንክ» አትበይው። «እንቅልፍህ ልክ አይደለም፣ እንታይ» በቂ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጋ አንድ ቀን ሄደሽ ሆም ሩም መምህሩን አግኚ። ስንት ቀን እንደቀረ ሳይሆን፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚውል ጠይቂ። ትምህርቱ ተቋርጦበት ወደኋላ ስለቀረ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አሳፍሮት ከሆነ መላው ማስጠናት ነው፤ ዱላም ስድብም አያመጣውም።

አሁን ገንዘቡ። አምስቱን ወር ሥልጣንሽን ለማጥበቅ ሳይሆን ቀስ እያልሽ ለማስረከብ ተጠቀሚበት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከኪራዩ የተወሰነ ብር በእጁ ስጪው፤ የታክሲውን፣ የደብተሩን፣ የጸጉሩን ወጪ እሱ ይቻል። በሳምንቱ ቢጨርሰው አትጨምሪለት። መጀመሪያ ላይ በቤቲንግ ያጠፋው ይሆናል፤ ትንሹን አጥፍቶ ቢማር ይሻላል፣ ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቀን እጁ ከሚገባ።

18 ከሞላው በኋላ ውሳኔው የእሱ ነው። ግን ምርጫ እንዳለው ከአሁኑ ይወቅ። ከፈለገ ኪራዩን እንድትሰበስቢለት ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና ሊሰጥሽ ይችላል፤ በፈለገ ጊዜ መልሶ መሻር ይችላል። ባንክ ያለውን በጊዜ ገደብ ሊያስቀምጠው ይችላል። ቤቱን ላለመሸጥ ሳይሆን አንድ ዓመት ለመቆየት ብቻ ብትጠይቂው የሚቀበልሽ ይመስለኛል። «በፍጹም አትሸጥም» ካልሽው ግን በማግስቱ ደላላው ጋ ነው። ኪራዩ በዓመት ስንት እንደሚሆን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ አንዲት ክፍል በወር ስንት እንደምትከራይ ራሱ ጠይቆ ያስላው። አንቺ አታስሊለት።

የሞግዚትነቱን አዘጋግ በሚመለከት የሾመሽ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጋ ሄደሽ ምን ማቅረብ እንዳለብሽ ጠይቂ። ጠበቃ መቅጠር ከከበደሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሹመት ውሳኔሽንና ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ። ልጁንም ይዘሽው ብትሄጂ ደስ ይለኛል፤ 18 ሲሞላው ምን መብትና ምን ኃላፊነት እንደሚመጣበት ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከባለሙያ ይስማ።

ስለ ማምሸቱ አንድ ነገር አስታውሺ። የሚያበቃው ሞግዚትነትሽ ነው፤ የቤትሽ ደንብ አያበቃም። ሌሎች ልጆች ያሉበት ቤት ነው። «ማታ ሁለት ሰዓት በሬ ይዘጋል፤ የምትዘገይ ከሆነ ደውል» ማለት ለ17ም ለ20 ዓመት ሰውም የሚባል ነገር ነው። ይህን የምትዪው በዚህ ጊዜ ፖሊስና ጥይት ፈርተሽ እንጂ እሱን ለመቆጣጠር እንዳልሆነ ንገሪው። የፈራሽውን እንጂ የተናደድሽውን አታሳዪው።

ወንድምሽንም ከዘጌ ጥሪው። ልጁ የወንድ ዘመድ ከዛቻ በቀር ምን ሲያደርግ አይቷል? ሒሳቡን ስታስረክቢ እንደ ምስክር ይቀመጥ፣ ይፈርም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ቀን እንዲተወው አስቀድመሽ ለምኚው። የትምህርት ዕረፍት ሲሆን ደግሞ ልጁን ሁለት ሳምንት ወስዶ ከቡና ለቀማው ጋር ያውለው። ከጓደኞቹም ትንሽ ይርቃል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም 18 በሞላው ማግስት ቤቱን እሸጣለሁ ሊል ይችላል። የማይሆን ነው ብዬ ላጽናናሽ አልችልም። ያኔ አብረሽው ሂጂ። ዋጋውን ሌላ ሁለት ሦስት ሰው ጋ ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ፣ በውልና ማስረጃ ይሁን፤ ገንዘቡ በጥሬው ሳይሆን በስሙ ባንክ ይግባ። ቢሸጠውም ባይሸጠውም ማደሪያው ያንቺ ቤት እንደሆነ ይህንን ከአሁኑ፣ ገና ሳይሞላው፣ ንገሪው።